የከተማ ጐርፍና የገጠር እርከን፤ «የዝናብ መደብ» ስለሚባለው ልማድ የቀረበ ሒስ

በልዩ ልዩ የዓለም ከተሞች አንድ ልማድ መታየት ከጀመረ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሆኖታል። የአንድ ሠፈር ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ይሰበሰቡና ድጅኖና አካፋ ይዘው በመንገድ ዳር ያለውን አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ይፈነቅላሉ፤ በቦታውም ከመንገዱ ዝቅ ያለ መደብ ቆፍረው የአገሩን ሣር፣ አበባና ቍጥቋጦ ይተክሉበታል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ በመንገዱ ላይ የሚሮጠው ውኃ ወደዚያ መደብ ይገባል፤ ጥቂት ሰዓት ተኝቶም ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰርጋል። ፈረንጆቹ ይህን «የዝናብ አትክልት ቦታ» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የዝናብ መደብ» ማለትን መርጠናል፤ አትክልት ቦታ ያልን እንደ ሆነ አንባቢው ጎመንና ካሮት ያስባልና።

ልማዱን ለማወደስ አልተነሣንም፤ ለማጣጣልም እንዲሁ። ጥያቄያችን ይህ ነገር እንደ ፍላቂትና እንደ ላሊበላ ወዳሉት የመቄትና የላስታ ደጋ ከተሞች ቢመጣ ምን ይጠቅማል፣ ምን ይጐድለዋል፣ ከአገሩስ ምን ይማራል የሚል ነው። የምንደርስበትን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ በዚህ ደጋ የዝናብ መደብ ከጌጥነቱ በፊት በዕዳነቱ መታሰብ አለበት እንላለን። ዕዳውም ከተማው ከበታቹ ላለው ገበሬ የሚከፍለው ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው መደቡን በማይገባ ቦታ ይቆፍረዋል፤ የማይጸና ተክል ይተክልበታል፤ በሁለተኛውም ዓመት ይተወዋል።

፩. ልማዱ ከየት መጣ?

የዝናብ መደብ በዛሬው መልኩ የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር፣ በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ ነው። አዲስ በሚሠራ የመኖሪያ ሠፈር ለጐርፍ ማጠራቀሚያ ትልቅ ኩሬ ከመቆፈር ይልቅ በየቤቱ ደጅ አነስተኛ መደብ ቢሠራ ይሻላል የሚል አሳብ ተነሣ፤ ተሞከረ፤ ሆነም። ከዚያ ወዲህ በኦሪገን የምትገኘው የፖርትላንድ ከተማ በመንገዶቿ ዳር ብዙ መደቦች አሠርታለች። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ግድም ዲፔቭ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተነሥቶ የማያስፈልገውን አስፋልት በሰው እጅ እየፈነቀለ ቦታውን ለአፈርና ለተክል ይመልስ ጀመር። በቻይናም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በ16 ከተሞች ውኃን እንደ ስፖንጅ የሚመጥ ከተማ ለመሥራት ሙከራ አስጀምሯል።

ለእኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በአሪዞና ምድረ በዳ ያለችው የቱሳን ከተማ ትቀርባለች። የፖርትላንድ ዝናብ ለብዙ ወራት ቀስ እያለ የሚወርድ ነው። በቱሳን ግን የዓመቱ አብዛኛው ክፍል ደረቅ ሆኖ በበጋቸው ኀይለኛ ዝናብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይወርዳል፤ ይህም ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ለሚሰበሰብበት፣ በልጉም ለማይታመንበት ለሰሜን ወሎ ደጋ የቀረበ ጠባይ ነው። በዚያች ከተማ ብራድ ላንካስተር የተባለ ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ እየከፈተ ጐርፉን በዛፍ ሥር ወዳለ ጎድጓዳ መደብ አስገባ። ሥራው ሲጀመር ፈቃድ አልነበረውም፤ ኋላ ግን ከተማው ሕጋዊ አድርጎታል። የተተከሉትም ዛፎች የዚያው ምድረ በዳ ተወላጆች ናቸው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ስንማር አንድ ትልቅ ልዩነት መዘንጋት የለብንም። ፖርትላንድ መደብ ለመሥራት የተገፋፋችው ከመንገዷ ሥር የተቀበረው ቧንቧ በዝናብ ጊዜ እየሞላ የቤት ፍሳሽን ከዝናብ ውኃ ጋር ወደ ወንዝ ይገነፍል ስለ ነበር ነው። በእኛ ደጋ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ይህን የመሰለ የተቀበረ ቧንቧ የላቸውም። ያላቸው የመንገድ ዳር ቦይ ነው፤ የቦዩም መጨረሻ ብዙውን ጊዜ ማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ነው። እንግዲህ በዚያ ወንዝን ለማዳን የተደረገው በዚህ ማሳን ለማዳን ሊደረግ ይገባል። ዓላማው ሲለወጥ የመደቡ ቦታም፣ መጠኑም፣ የሚጠብቀውም ሰው አብሮ ይለወጣል።

፪. አሳቡ ለደጋው አዲስ ነውን?

አዲስ አይደለም። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረኃብ የማያስታውስ የለም። ከዚያ ወዲህ በተራሮቹ ላይ የእርከን ሥራ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለሥራው እህልና ዘይት ይሰጥ ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም ሴፍቲኔት የሚባለው መርሐ ግብር በችግረኛው ገበሬ ጉልበት ብዙ እርከን አሠርቷል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ገበሬው በነጻ ጉልበቱ የሚሳተፍበት የተፋሰስ ሥራ በዘመቻ ይካሄድ ጀመር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ አገሩን የመታው ጦርነት፣ ቀጥሎም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው ግጭት ይህን ሥራ በብዙ ስፍራ አጓጕሎታል፤ ዕውቀቱ ግን በሰዉ እጅ ቀርቷል።

ሥራውን ቀርቦ ለተመለከተ ሰው ከዝናብ መደብ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። ገበሬው በተዳፋቱ ላይ የድንጋይ ካብ ይክባል፤ ከካቡ በላይ የልማት ሠራተኞች ትሬንች የሚሉትን ጉድጓድ በአግድም ይቆፍራል፤ በቦረቦሩ ውስጥ ክትር ይሠራል፤ በአፋፉም ላይ ሣርና ዛፍ ይተክላል። ጐርፉ ይቆማል፤ ደለሉን ይጥላል፤ ውኃው ይሰርጋል። ሥራው በደንብ በተያዘበት ስፍራ ከዓመታት በኋላ ደርቆ የነበረ ምንጭ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የፖርትላንድ በጎ ፈቃደኛ በመጽሐፍ የተማረውን የመቄት ገበሬ በዶማ ያውቀዋል ማለት ነው።

ከመንገድ ስለሚወርደው ውኃም በአገራችን ጥናት አለ። ጃን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከመቐለ ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት፣ መንገዱ ሲሠራ ውኃው በጥቂት ቱቦዎች ተሰብስቦ ስለ ተለቀቀ ከቱቦዎቹ በታች አዳዲስ ቦረቦሮች መከፈታቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህም በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል፣ የመንገድን ጐርፍ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማሳና ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ መምራት ከተፋሰሱ ሥራ ጋር ተጨምሯል። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ለአሳባችን ከሁሉ የሚቀርበው ያገር ውስጥ ምሳሌ ይህ ነው። ነገር ግን ይህም ቢሆን የገጠርን መንገድ ይከተላል እንጂ ወደ ከተማው ውስጥ አይዘልቅም። ገበሬውን ትሬንች ቈፍር የሚል መንግሥት በከተማው ወሰን ሲደርስ ቋንቋውን ይለውጥና ውኃን ስለ ማስወገድ ይናገራል።

፫. ከተማው የሚለቀው ውኃ

ፍላቂት በመቄት ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈውና ሕዝቡ የቻይና መንገድ በሚለው ጐዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ መስመር ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች አስተዳደግ ተመሳሳይ ነው። ጐዳናው ይዘረጋል፤ ቤቱ በግራና በቀኝ ይሰለፋል፤ ከኋላም ሌላ ረድፍ ይጨመራል። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ይተካል፤ የውስጥ መንገዱ ጊዜው ሲደርስ በኮብልስቶን ይነጠፋል፤ ቀድሞ ውኃ ይመጥ የነበረው መስክ ግቢ ይሆናል። እያንዳንዱ እርምጃ ለየብቻው ሲታይ መሻሻል ነው። ቆርቆሮ ከእሳትና ከፍሳሽ ያድናል፤ የተነጠፈ መንገድ ከጭቃ ያድናል። በኮብልስቶን ሥራም ከዩኒቨርሲቲ የወጡትን ጨምሮ ብዙ ወጣት እንጀራ አግኝቶበታል፤ በብዙ ከተሞችም ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የደጁን መንገድ አስነጥፏል። ይህ ራሱ የበጎ ፈቃድ ሥራ ስለ ሆነ መናቅ የለበትም።

ይሁን እንጂ ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ የተነጠፈ መንገድ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ በዚያ መንገድ ላይ ብቻ 12,000 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 600 ይሞላል። ቆርቆሮው 40 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ቤት ደግሞ ለብቻው 40 ጀሪካን ይጨምራል። በኮብልስቶኑ ድንጋዮች መካከል ጥቂት ውኃ ሊሰርግ ይችላል፤ ነገር ግን መጋጠሚያው በአቧራ ከተደፈነ፣ መንገዱም ተዳፋት ከሆነ አብዛኛው ይሮጣል። በግንቦት አንድ ጀሪካን ለመቅዳት በቦኖ ፊት ረዥም ሰልፍ የሚቆም ሠፈር፣ በሐምሌ ይህን ሁሉ ጀሪካን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቍልቍል ይለቀዋል።

ውኃው በመደብ ሊያዝ ይችላልን? የመንገዱን አንድ ዐሥረኛ፣ ማለት 60 ካሬ ሜትር፣ በ20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ብንቆፍር የሚይዘው 12,000 ሊትር ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን በመንገዱ ላይ የወረደውን ሁሉ ለመያዝ በመንገዱ ዳር የሚሄድ ወርዱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ መደብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ቢዘንብ ትርፉ ወደ ቀድሞው ቦይ ያልፋል፤ ሲያልፍም ዘግይቶና ኀይሉ ቀንሶ ነው። መንገዱ ተዳፋት በሆነበት ስፍራ ግን አንድ ወጥ መደብ ራሱ ቦይ ይሆናል። እዚያ ላይ በየጥቂት ሜትሩ የድንጋይ ክትር እየተደረገበት በደረጃ ሊከፈል ይገባል። ይህን የሚያስተምር ባለሙያ ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ ከከተማው ወጥቶ የመጀመሪያውን እርከን የካበውን ገበሬ መጥራት ይበቃል።

ዕዳ ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። በገጠር አንድ ገበሬ የማሳውን ቦይ በጎረቤቱ እርሻ ላይ ቢለቅ ነገሩ በሽማግሌ ይታያል፤ ቦዩን እንዲመልስ ወይም እንዲክስ ይደረጋል። ከተማ ግን የብዙ ቤት ጐርፍ በአንድ ቱቦ ሰብስቦ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ሲለቅ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። እንዲያውም ሥራው በዕቅድ ላይ «የጐርፍ ማስወገጃ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲያልቅም ይመረቃል። ማስወገድ የሚለው ቃል ራሱ መመርመር ይገባዋል። ውኃው ከከተማው ይወገዳል እንጂ ከአገሩ አይወገድም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ዓመት ጐርፍ ማሳውን በቀጭኑ ይሰነጥቃል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሬ የማያሻግር ቦረቦር ይሆናል። በጥር በነጻ ጉልበት የተካበ እርከን በሐምሌ በከተማ ጐርፍ ይናዳል፤ በሚቀጥለው ጥር ያው ገበሬ እንደገና ይጠራል። ከዚህ የበለጠ የፍትሕ መጓደል በተፋሰስ ሥራ ውስጥ አይገኝም።

፬. ላሊበላ ስለ ውኃ የምታስተምረው

አንዳንድ የዝናብ መደብ ደጋፊዎች ውኃ በየስፍራው ሁሉ ይስረግ የሚሉ ይመስላሉ። ለዚህ አሳብ ላሊበላ ተቃዋሚ ናት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ለመሮ የታዘዘው ድንጋይ ለውኃም የተጋለጠ ነው። የጥንቶቹ ጠቢባን ይህን ስላወቁ ከሕንፃዎቹ ጋር የውኃ መውረጃውንም አብረው ፈለፈሉ። ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች የሚለየውን ዮርዳኖስን ያየ ሁሉ በዚያ ቦታ ድንጋይና ውኃ በአንድ አሳብ እንደ ታቀዱ ይረዳል።

ይህ ዕቅድ በተሰናከለ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለ መዘገበው ስለዚህ ቦታ ባወጣው መግለጫ ይናገራል። የውኃ መውረጃ ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ኖረው በ20ኛው መቶ ዓመት ተጠረጉ፤ የመሬት መንቀጥቀጥም አናግቷቸዋል፤ ከዚህም የተነሣ ውኃ በሕንፃዎቹ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ዝናቡን ከላይ ለመከልከል የታሰቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሕዝቡ መጠለያዎቹ ራሳቸው ያሠጉናል ብሎ አደባባይ ወጥቷል። ስለ መጠለያዎቹ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት ይህ ነው፤ የተጠረገ ቦይ ለመቶ ዓመታት የሠራውን ሥራ በብረት መተካት አስቸጋሪ ነው።

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በነአኵቶ ለአብ ገዳም ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በዚያ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳ እየተጠራቀመ ለጸበል ይውላል። በአንዱ ስፍራ ውኃ እንዳይገባ ተደከመ፤ በሌላው ስፍራ ሰርጎ የመጣው ውኃ በጠብታ ተለቀመ። የደጋው ሰው ሁለቱንም ያውቅ ነበር። እንግዲህ መልካም የዝናብ መደብ የሚለየው ውኃ በማስረጉ ብቻ ሳይሆን የማይሰርግበትን ቦታ በማወቁ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ክልከላዎች እናቀርባለን። አንደኛ፣ በጥንታዊ ሕንፃ ዙሪያና ከሕንፃው በላይ ባለው ተዳፋት መደብ ሊቆፈር አይገባም፤ ለተራ ቤትም ቢሆን ከመሠረቱ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ሁለተኛ፣ በጣም ቀጥ ባለ ገደል አፋፍ ላይ ውኃ ማስረግ ናዳ ይጠራል፤ ናዳ ምን እንደ ሆነ ደሴ ታውቀዋለች። ሦስተኛ፣ ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ውኃም አያሳልፍም፤ በእርሱ ላይ የተቆፈረ መደብ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ፈተናውም ቀላል ነው። 30 ሴንቲሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ በውኃ መሙላት፣ ሲሰርግ እንደገና መሙላት፣ ከዚያም መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ውኃ በአንድ ቀን ውስጥ ካለቀ ቦታው ይሆናል። እንዲህ ባለ መደብ የትንኝ ዕጭ አድጎ አይበርም፤ ለዚያ አንድ ሳምንት ያህል የቆመ ውኃ ያስፈልገዋልና።

፭. ስለ ተክሎቹ

የአገር ተክል ይተከል ሲባል ብዙ ሰው የአገር ፍቅር ንግግር ይመስለዋል። ነገሩ ግን የጠባይ ጉዳይ ነው። በደጋው የሚሠራ መደብ ለሁለት ወር ያህል ይርሳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ወራት ደርቆ ይኖራል፤ ሌሊቱም ብርድ ነው። ይህን የሚችል ተክል በዚሁ አየር የኖረ ነው። በብዙ ከተሞቻችን የመንገድ ዳር መደብ ከመንገዱ ከፍ ብሎ በጠርዝ ድንጋይ ስለሚታጠር ጐርፉ በአጠገቡ እየሮጠ ያልፈዋል፤ በበጋ ደግሞ በቦቴ ውኃ ይጠጣል። ሐምሌ በነጻ ያመጣውን ገፍቶ ለየካቲት የሚገዛ መደብ መቼም ብልህ አይባልም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶችን እንደ አዲስ እያሠራ ስለ ሆነ፣ መደቡን ዝቅ ማድረግና ጠርዙን መክፈት የሚቻልበት ጊዜ ይህ ነው። ከተሠራ በኋላ ማፍረስ ያስወጣል፤ ሲሠራ ዝቅ ማድረግ ግን ትርፍ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውኃውን ይጠጣል፣ ሥሩም መንገዱን ያነሣል። በመደቡ ደረቅ ጠርዝ ላይ ጓሳ፣ ሰንበሌጥና ጦስኝ ሊተከሉ ይችላሉ፤ አደይ አበባም በመስከረም ራሷን ትዘራለች። ስፋት ባለበት ቦታ ወይራ ጥላ ይሆናል። በዝቅተኛው ክፍል፣ በተለይም ከቦኖ የሚንጠባጠብ ውኃ በሚደርስበት ስፍራ፣ ቄጠማ ይሆናል። ቄጠማን በመጨረሻ ያመጣነው ከሁሉ የሚበልጥ መስሎን ነው። በዓል በመጣ ቍጥር፣ ቡናም በተፈላ ጊዜ ቄጠማ የማይጐዘጐዝበት ቤት ጥቂት ነው፤ ሰዉም ከገበያ ይገዛዋል። ስለዚህ ቄጠማ የሚያበቅል መደብ ባለቤት አያጣም። ባለቤት ያለው መደብ ደግሞ ፍየል አይበላውም።

ይህን የምንለው የተተከለውን ከመቍጠር የጸናውን መቍጠር ስለሚበልጥ ነው። በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። እንዲህ ያለ ቍጥር ሕዝብን ሊያነሣሣ ይችላል። ሆኖም ስለ አንድ ችግኝ የሚጠየቀው እውነተኛ ጥያቄ በሦስተኛው ግንቦት ቆሞ ይገኛል ወይ የሚል ነው። ለዝናብ መደብም ሚዛኑ ይኸው ይሁን።

፮. ስለ በጎ ፈቃድ

የልማዱ ልብ ያለው በበጎ ፈቃድ ላይ ነው፤ ሒሳችንም እዚህ ላይ ይጠብቃል። በአገራችን ሰው ለጋራ ሥራ የሚጠራባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በደቦ ጠሪው ምሳና ጠላ ያዘጋጃል፤ ሰዉ መጥቶ ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። በወንፈል ቀን በቀን ይመለሳል። በዘመቻ ደግሞ ቀኑ ከላይ ይቆረጣል፤ የተሰለፈው ሰውና የተቆፈረው ሜትር ተቈጥሮ ወደ ላይ ይተላለፋል። የፖርትላንዱ በጎ ፈቃደኛም ቅዳሜውን ሰጥቶ አስፋልት ፈንቅሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ ለመቆፈር ይበቃሉ፤ ለመጠበቅ ግን አይበቁም።

መደብን የሚገድለው ከቆፈሩት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ዝናብ በዘነበ ቍጥር ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ የውኃውን መግቢያ ይደፍናሉ፤ ደለል ይሞላዋል፤ በገበያ ቀን አህያ ይረግጠዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚጠርግ እጅ ያስፈልገዋል። ይህን ለማድረግ የሚችል ድርጅት በአገሩ አለ፤ እርሱም ዕድር ነው፤ በወሎ ብዙ ስፍራ ቅሬ ይባላል። ቅሬ አባል አለው፤ ተራ አለው፤ ለቀረ ሰው መቀጮ አለው፤ ሹም ቢለወጥ አይፈርስም። አንድ ቅሬ በአካባቢው ያለውን የመደብ ክፍል ተከፋፍሎ ቢይዝና የሚታጨደው ሣርና ቄጠማ ገቢው ለቅሬው ቢሆን ሥራው በልመና አይኖርም። ይሁን እንጂ ቅሬ የተቋቋመው ለሐዘን ነው። ቀበሌው ቅሬውን የሥራ ማስፈጸሚያ ቢያደርገው ሰዉ በሐዘን ጊዜ የሚተማመንበትን ነገር ያጣል። ስለዚህ መደቡን ለመጠበቅ አባላቱ ራሳቸው መክረው ሊቀበሉት ይገባል እንጂ በደብዳቤ ሊሰጣቸው አይገባም።

«ከተማ ንግድ ይፈልጋል፤ ገበሬ ደግሞ እርሻ ስላለው እርከኑን ለራሱ ጥቅም ይሠራል፤ የከተማው ሰው ስለ ምን ይደክማል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የዚህ መልስ ከላይ ተነግሯል። የከተማው ቆርቆሮና መንገድ የለቀቀው ውኃ የገበሬውን ድካም ያፈርሳል። ገበሬው በዓመት ብዙ ቀናት በነጻ ሲሠራ የከተማው ሰው ጥቂት ቅዳሜዎችን ቢሰጥ ለጋስ አይባልም፤ የድርሻውን ከፈለ ይባላል እንጂ። ደግሞም ከከተማው በታች የሚቆረሰው ማሳ ለከተማው ገበያ እህል የሚያመጣው ያው ማሳ ነው።

፯. መደምደሚያ

የዝናብ መደብ መልካም አሳብ ነው፤ ነገር ግን እንደ ውጭ አገር ዕቃ ታሽጎ ሊመጣ አይገባውም። ከቱሳን ጠርዝ መክፈትን፣ ከመቄት ገበሬ በደረጃ መክተርን፣ ከላሊበላ የማይቆፈርበትን ቦታ መለየትን፣ ከቅሬ ደግሞ በተራ መጠበቅን ሊወስድ ይገባል። ወጪው ትንሽ መሆኑም በችግር ውስጥ ላለፈ አገር ተገቢ ነው፤ ድንጋዩም፣ ድጅኖውም፣ ተክሉም በቦታው ይገኛሉ።

መጀመሪያው አነስተኛ ይሁን። በአንድ የደጋ ከተማ አንድ መቶ ሜትር መንገድ ተመርጦ ከክረምቱ በፊት አፈሩ ይፈተን፤ ከመንገዱ መጨረሻ ቦዩ የሚለቅበት ማሳ ባለቤትም በምክሩ ላይ ይገኝ። ከእርሱ ጋር ያልተመከረ መደብ ለከተማው ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በመቀጠል ለተማሪዎች የሚሆን ሥራ አለ። ከመደቡ በፊትና በኋላ ከቱቦው የሚወጣው ውኃ ስንት እንደ ሆነ፣ ከታች ያለው ቦረቦር በዓመት ስንት ክንድ እንደ ሰፋ፣ የተተከለው ስንቱ ለሦስተኛው ግንቦት እንደ ደረሰ መለካት ይቻላል። መሣሪያው ሜትር፣ ባልዲና ሰዓት ነው። ይህን ልኬት ክረምቱን በሙሉ እየተመላለሰ የሚወስድ ተማሪ ከእኛ ሒስ የበለጠ ነገር ያቀርባል።